አሥር ቀን የተዘጋ በር

ቡችላው አከራዬን የነከሳቸው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ሰዓቱን የማውቀው ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ስለጻፍኩት ነው። ማንኛውንም ነገር በሰዓቱ መጻፍ ያኔም ልማዴ ነበር። መሐል ሜዳ ላይ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ሴት ዘንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የማገኘውን ዜና፣ ስልክ ቤት ወረፋ ጠብቄ፣ አዲስ አበባ ላለው መሥሪያ ቤቴ አነብ ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በየቀበሌው ሚሊሺያ ተመልምሏል፣ ስብሰባ በዝቷል። ስብሰባ ስዘግብ ውዬ ስመለስ ደጅ ላይ ዘሎ የሚቀበለኝ ፍጡር ማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቡችላውን ያመጣሁት ጓሳ ዳር ካለው ከቀየት ገጠር ነው። የአገሬው ሰው ጥብቅ በሆነው የጓሳ ደጋ ስለሚደረገው የሣር አጨዳ ለመጻፍ ሄጄ ያሳደረኝ ገበሬ ነው የሰጠኝ። ጓሳን የሚጠብቁት ሰዎች ወደዚያ የሚወጣ ውሻ አይወዱም፤ ቀይ ቀበሮውን በሽታ ያስይዛል ይላሉ። ስለዚህ ገበሬው እናቲቱ ትበቃኛለች ብሎ ቡችሎቹን ለፈለገ ሁሉ ያድል ነበር። የኔው ሦስት ወር ቢሆነው ነው። ቀላ ያለ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጆሮው ገና ያልቆመ ነበር። እግሩ መሬት ላይ ከሚቆይበት ጊዜ አየር ላይ የሚቆይበት የሚበልጥ ይመስል ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የመቅረጫዬን ማይክ ስፖንጅ፣ አንድ ካልሲና የአንድ ወረዳ ሪፖርት ግማሽ በልቷል።

አከራዬ ያን ጠዋት በር ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይለቅሙ ነበር። መተዳደሪያቸው ነው። ጠጉር ገዝተው፣ አጥበው፣ በደጋን ነድፈው፣ ፈትለው ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ይሸጣሉ። ቡችላው ከጉልበታቸው ላይ አንድ እፍኝ ጠጉር ነጠቀ። ጎተቱት። እሱም ጎተተ። እሳቸው ይስቃሉ፣ እሱ ጅራቱን ይቆላል። ከዚያ ጥርሱ ጠጉሩን ስቶ በቀኝ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት መካከል ገባ። ሁለት ቀዳዳ፣ ትንሽ ደም። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉትና ጥርሱ መርፌ የሆነ ቡችላ ነው ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ግን ከቀየት የመጣ አንድ የበግ ነጋዴ ሻይ ቤት ተቀምጦ ወሬ አወራ። የዚያ ገበሬ ውሻ አብዳ፣ በዱላ ተቀጥቅጣ ተገድላለች አለ። የቡችላው እናት ማለት ነው።

እኔ ስልክ ቤት ነበርኩ። ስመለስ የአከራዬ ታናሽ ወንድም ግቢው መሐል ቆሞ አገኘሁት። አጥሩን ተጋርቶ የሚኖር፣ አርባ ዓመት የሚሆነው የቀበሌ ሚሊሺያ ነው። ጠብመንጃው ትከሻው ላይ ነበር። ወሬውን በአጭሩ ነገረኝ። እኅቱን ወደ መድኃኒት አዋቂ ወስዷቸው ተመልሰዋል። ሰውየው በወተት የበጠበጠውን ሥር አጠጥቷቸው አንድ ነገር ብቻ አዟል። እስከ አርባ ቀን ወንዝ እንዳይሻገሩ። ከተሻገሩ መድኃኒቱ ይከሽፋል፣ በሽታው ይነሣል።

“አሁን ውሻህን አውጣልኝ” አለ። “ከእኅቴ ደጅ ራቅ አድርጌ ልጨርሰው።”

ቡችላው ክፍሌ ውስጥ ተዘግቶበት በሩን በጥፍሩ ይቧጥጥ ነበር። አንድ ሰዓት ብቻ እንዲጠብቀኝ ለመንኩትና ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ጤና ረዳቱ ብዙ የማይናገር ወጣት ነበር። ቦርሳውን ይዞ አብሮኝ መጣ። የአከራዬን እጅ በሳሙናና በውሃ፣ እኛን እስኪሰለቸን ድረስ፣ አጠበው። ከዚያ ነገሩን አስረዳን። መከላከያው መርፌ መሐል ሜዳ የለም። ደብረ ብርሃን ሄደው፣ እዚያም ከጠፋ አዲስ አበባ ድረስ ዘልቀው፣ በየቀኑ ሆዳቸው ላይ መወጋት አለባቸው። ዛሬውኑ ቢነሡ ይመረጣል። ውሻው ደግሞ መገደል የለበትም። ታስሮ ለአሥር ቀን ይታይ። ሲነክሳቸው በሽታው ምራቁ ውስጥ ገብቶ ከነበረ አሥር ቀን በጤና አይቆይም፤ ያብዳል ወይም ይሞታል። አሥር ቀን በጤና ከቆየ እሳቸው ነፃ ናቸው፤ መርፌውም ይቋረጣል።

“ከገደላችሁት” አለ ወደ ሚሊሺያው ዞሮ፣ “ያላችሁን አንድ ምስክር ገደላችሁ ማለት ነው።”

ምስክር የሚለው ቃል ሚሊሺያውን ያዘው። በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ በር ቆሞ የሚውል ሰው ነው፤ ምስክር የሞተበት ሰው ምን እንደሚሆን ያውቃል። ጠብመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

የቸገረው እኅቱን ማስነሣት ነበር። ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ወንዝ ሳይሻገሩ አይሄዱም። አከራዬ መደባቸው ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ሁላችንንም በትዕግሥት ሰሙን። የጤና ረዳቱን ቃል እኔ ደገምኩላቸው። በሽታው አንዴ ከተነሣ የሚመልሰው መድኃኒት እንደሌለም ሳልሸሽግ ነገርኳቸው። ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጌ የተናገርኩት ነገር ትዝ አይለኝም።

“ልጄ፣ ያንተ እውነት እውነት ይሁን” አሉ። “ወንዙ መሐል ላይ ብነሣስ? እውነትህ ይመልሰኛል?”

ወንድማቸው ለመናቸው፣ ተቆጣቸው፤ እሱ ራሱ ነው መድኃኒት አዋቂው ዘንድ የወሰዳቸው፤ አሁን ያ ትእዛዝ እጁን አሰረው። ጤና ረዳቱ ሐሳባቸውን ከለወጡ በማንኛውም ሰዓት እንድንጠራው ነግሮን ሄደ። የቀረን ቡችላው ብቻ ነበር። እሱ ከኖረ እሳቸው ይኖራሉ። እሱ ከታመመ፣ በግድም ቢሆን፣ በቃሬዛ ተጭነውም ቢሆን ወንዙን መሻገር አለባቸው፤ ያም ምናልባት ከረፈደ በኋላ ነው።

ከሚሊሺያው ጋር ተስማማን። ቡችላው ለአሥር ቀን ከክፍሌ አይወጣም። ከእኔ በቀር የሚመግበው አይኖርም፤ የበላውን፣ የጠጣውን፣ ያደረገውን ሁሉ እጽፋለሁ። እሱ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ መጥቶ በዓይኑ ያያል። ከደጃፉ ከወጣ ወይም የእብደት ምልክት ካየበት ግን ስምምነታችን ፈረሰ።

“የእብደት ምልክቱ ምንድን ነው?” አልኩት።

“አንተ አታውቀውም እንጂ እኔ አውቀዋለሁ” አለ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ጤነኛ የሦስት ወር ቡችላ አራት በአምስት እርምጃ በሆነች የድንጋይ ቤት ውስጥ ሲዘጋበት የሚያደርገውንና ሰው ያበደ ውሻ ያደርጋል ብሎ የሚያስበውን ጎን ለጎን ብትጽፉት ብዙ አይለያይም። ረቡዕ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ሚሊሺያው በሩን ገርበብ አድርጎ ሲያይ ቡችላው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ሻንጣ ዘለለ። የጋቢዬን ጫፍ ነክሶ አራገፈ። ጅራቱን ለመያዝ ዞረ፣ ዞረ፣ ወደቀ፣ ተነሥቶ በሩ ላይ ጮኸ። ሚሊሺያው በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። “እስከ ነገ” አለ ብቻ። ማስጠንቀቂያ እንደሆነ ገባኝ።

ቡችላ ማረጋጋት ሙያዬ አልነበረም፤ ስለዚህ እንደማላውቀው ዜና ያዝኩት። ምን ሲደረግ ምን እንደሚሆን ጻፍኩ። ስቆጣው ይብስበታል፤ ቁጣዬን ጨዋታ ያደርገዋል። ሳስረው ገመዱን እየነከሰ ያላዝናል፤ ልቅሶውም በግድግዳው አልፎ አከራዬ ክፍል ይገባል። ሲዘልብኝ ገፍቼ ሳወርደው እንደገና ይዘላል። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እንደ ምሰሶ ዝም ብዬ ስቆም ግን ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ይተወዋል። ሲተኛ ብቻ ዞሬ ቁራሽ ቂጣ እሰጠዋለሁ። ከሉካንዳ የበግ ሰኮና ለምኜ አመጣሁለት፤ ስፖንጄን ትቶ እሱን ያኝክ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ቤቱ መሐል ባለው ምሰሶ ዙሪያ አሮጌ ጠፍር እየጎተትኩ አሯሩጠዋለሁ። እኔ ቀድሜ እደክም ነበር። መንዝ ብርድ ነው፤ ላብ ያላበኝ በዚያች ቤት ውስጥ ብቻ ነው።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከግድግዳው ማዶ አከራዬ ጠጉር መንደፍ ጀመሩ። የደጋኑ ጅማት ሲመታ ድም፣ ድም የሚል ወፍራም ድምፅ አለው። ቡችላው ሰኮናውን ጥሎ ጆሮውን አዘነበለ። ወደ ግድግዳው ሄዶ ሥሩ ተኛ። ስድስት ሰዓት ላይ ሚሊሺያው ሲመጣ አገጩን መሬት ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ብቻ እያንቀሳቀሰ አገኘው። በሩን ዘግቶ ሄደ።

ይህን ለአከራዬ ነገርኳቸው። ከነከሳቸው ወዲህ ስሙን አላነሡም፤ በክፍሌ በር አጠገብ ሲያልፉ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይስቡ ነበር። የበግ ቤት ውሻ ስለሆነ ነው አሉ። በጓሳ አቅራቢያ ቡችላ የሚያድገው ከበግ ጋር ነው፤ ጠጉር ሲሸተውና የሰው እጅ ሥራ ሲሰማ ይተኛል። ያረጀ የባና ቁራጭ አውጥተው፣ በእጃቸው አልሰጥ ብለው፣ ደጃፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በታመመ እጃቸው፣ ደጋኑን ያነሡ ነበር። የነከሳቸውን ውሻ በግድግዳ በኩል ያስተኙት ጀመር።

እኔ ግን ሌላ ነገር ይከነክነኝ ነበር። በስድስት ሰዓት የሚታየው ቡችላ እኔ ያዘጋጀሁት ቡችላ ነው። አሯሩጬ፣ አድክሜ፣ በደጋን አስተኝቼ ለምርመራ አቀርበዋለሁ። ሰው እንዲህ አዘጋጅቶ ያሳየኝን ነገር አንድም ቀን በዜና አልጻፍኩም። እውነተኛውን ለማወቅ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሆኜ ያለ ምንም ጫና አየው ነበር፤ ሁለቱንም ጻፍኩ። “ስድስት ሰዓት፣ ተኝቷል። ዘጠኝ ሰዓት፣ የቀኝ ጫማዬን ይዞ አልጋ ሥር ገባ፤ ቂጣ በወተት በላ፤ ውሃ ጠጣ።” ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል ስለሚባል፣ ውሃ ጠጣ የሚለውን በየቀኑ አሰምርበት ነበር።

በዚህ መሐል አከራዬ ውሃ መቅዳት አልቻሉም። ምንጩ ከከተማው በታች ካለው ወንዝ ማዶ ነው። የወንድማቸው ሚስት አራስ ናት። ስለዚህ ሚሊሺያው ራሱ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ይወርድ ጀመር። በእኛ ዘንድ ወንድ ውሃ ሲቀዳ ማየት የተለመደ አይደለም፤ ጠብመንጃ የታጠቀ ወንድ ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ምንጩ ላይ ያሉ ሴቶች አልማሩትም። “አያ፣ ጀሪካኑንም ቀበሌው ነው ያስታጠቀህ?” ብለውታል አሉ። ንዴቱን ይዞ ወደ እኔ በር ይመጣል። ቡችላው ከሞተ ከዚህ ውርደት እንደማይገላገል፣ ከኖረም እንደማይገላገል ያውቃል፤ ግን አንድ ነገር መተኮስ ያሰኘው ነበር።

እሑድ፣ በአምስተኛው ቀን፣ ወደ ቀየት በሚሄድ መኪና ሹፌር በኩል ለገበሬው የላክሁት ደብዳቤ መልስ አገኘ። አንድ ምንጭ አይበቃኝም ብዬ ነበር የጻፍኩት። መልሱ በተማሪ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ እናቲቱን ገድለናታል፤ አህያ ነክሳ ነበር። ያበደች ትሁን የከፋች አላወቅንም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለአከራዬም፣ ለወንድማቸውም አነበብኩላቸው። ባልነግራቸው ይሻል እንደነበር ሚሊሺያው በቁጣ ነገረኝ። አከራዬ ግን አመስግነውኝ ወደ ደጋናቸው ተመለሱ። ያን ቀን ከወትሮው አብልጠው ነደፉ፤ ጸሐይ እስክታዘቀዝቅ ድምፁ አላቋረጠም።

ማክሰኞ፣ ሰባተኛው ቀን ነው። ሐሙስ የአከራዬ የማኅበር ተራ ስለነበር የገብስ ጠላ ጠምቀው፣ ያን ዕለት ጠዋት ያጠልሉ ነበር። ያበደ ውሻ ነክሷቸዋል እየተባለ ማኅበርተኞቻቸው ከሳቸው ቤት ዋንጫ ያነሡ ይሆን ወይ የሚለውን አንስተው አያውቁም፤ ግን ጠላውን ከወትሮው አንድ ጋን ቀንሰው እንደጠመቁ አይቻለሁ። እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ቡችላውን መግቤ፣ በሩን ቆልፌ፣ ቁልፉን እንደ ልማዴ ችግር ቢፈጠር ይደርሱለታል ብዬ እሳቸው ዘንድ ትቼ ስልክ ቤት ሄድኩ። ወረፋው ረዘመ። ስመለስ አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ደጋኑ አይሰማም።

በሩን ስከፍት ቡችላው አልዘለለም።

መሐል ወለሉ ላይ ቆሞ ነበር። ሊመጣ ሞከረ፤ የኋላ እግሩ ሌላ አቅጣጫ ሄደና በጎኑ ወደቀ። ተነሣ፣ ተንገዳገደ፣ ግድግዳውን በግንባሩ መታ። ከከንፈሩ ጥግ ምራቅ ይወርዳል። ዓይኑ ወደ እኔ ዞሮ አያየኝም። ሰባት ቀን ሙሉ እንዲረጋ ለምኜ ነበር። አሁን ረጋ። ጤና ረዳቱ በመጀመሪያው ቀን ጨምሮ የነገረን ነገር በጆሮዬ ነበር፤ ሁሉም በጩኸት አያብድም፤ አንዳንዱ እግሩ ሰንፎ፣ ምራቁ ወርዶ፣ በጸጥታ ነው የሚያልቀው።

ደብተሬን አውጥቼ ሰዓቱን ጻፍኩ። ሌላ የምሠራው ስላጣሁ ነው እንጂ የሚጠቅም መስሎኝ አይደለም። እየጻፍኩ ሳለ ሚሊሺያው ከኋላዬ ደረሰ። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየ። ለብዙ ጊዜ አላየም። ጠብመንጃውን አወረደና አቀባበለ።

“ዞር በል” አለኝ በዝግታ። “እሷንም አሁኑኑ ቃሬዛ ላይ አስተኝቼ እሻገራለሁ።”

አከራዬ ከክፍላቸው ወጥተው በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ወደ ውስጥ አዩ፤ የቆሰለ እጃቸውን በሌላው ያዙት። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ጀግንነት አልነበረም፤ ከዚያ ውጭ መቆሚያ ስላልነበረ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር መጠየቅ ያለበት፤ በማናቸውም አደጋ ላይ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ። ከዚህ በፊት ምን ሆነ?

ወደሳቸው ዞሬ ዛሬ ቤቱ የገባ ሰው ነበር ወይ አልኳቸው።

“ማንም” አሉ። ከዚያ ወንድማቸው እኔን በክንዱ ገፋ አደረገኝ። “ቆይ” አሉ። “ቆይ፣ ተው። እኔ ገብቼ ነበር። አተላ ሰጥቼዋለሁ።”

ወንድማቸው ዞሮ አያቸው። አላመናቸውም። “ውሸትሽን ነው” አለ። “ፈርተሽ ነው።”

“ሲያላዝን ሰምቼ ነው። ጠላውን እያጠለልኩ ነበር። ላሚቱ ባልዲ ሙሉ ጠጥታ ምን ትሆናለች? ለሱ አንዲት ጣሳ ነው የሰጠሁት። እንዲተኛ ብዬ ነው። ጋዜጠኛው ከኔ በቀር ማንም አይመግበው ስላለ ልደብቀው ፈለግሁ።”

እኔም አላመንኳቸውም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር። ውሸት ይናገራሉ ብዬ አይደለም። ሰው ነፍሱ ባንድ ነገር ላይ ስትንጠለጠል እንዲሆን የሚፈልገውን እንደሆነ አድርጎ ሲናገር አይቻለሁ፤ ሲናገርም ከልቡ ነው። ጣሳዋን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። አመጡ። ጥግዋ ላይ ግራጫ ዝቃጭ ደርቋል። ውስጥ ገብቼ አየሁ፤ ከአልጋዬ እግር አጠገብ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ነጠብጣብ አለ፤ ያ ግን ምራቅም ሊሆን ይችላል። የቀረው አንድ ማረጋገጫ ነበር። ካፖርቴን በእጄ ላይ ጠቅልዬ ተንበረከክሁ። ቡችላው አገጩን ጉልበቴ ላይ ለመጣል ሞክሮ ሳተና ወለሉ ላይ ተኛ። ፊቴን ወደ አፉ፣ ሞኝ ሰው ብቻ በሚቀርበው ርቀት፣ አቅርቤ አሸተትኩ።

ጎምዛዛ ነው። ጌሾ፣ ገብስ፣ ደረቅ እንጀራ። ማኅበር ያለፈበት ቤት ጠዋት የሚሸተው ሽታ።

“ጠላ ነው” አልኩ።

ሚሊሺያው ጠብመንጃውን አላወረደም። ያበደ ውሻም አተላ ሊጠጣ ይችላል አለ። ትክክል ነበር። ይህን የሚያህል ትክክለኛ ነገር ከእሱ አፍ በመስማቴ ተገረምኩ። እንግዲህ እስከ ማታ እንጠብቅ፣ ከሰከረ ይነቃል፣ ካልነቃ ግን አንተ እንዳልከው ይሁን አልኩት። ደጃፉ ላይ ድንጋይ ስቦ ተቀመጠ። አከራዬ ከጎኑ ተቀመጡ። እኔ ውስጥ ቀረሁ። ስድስት ሰዓት፣ ሰባት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት። ቡችላው አኮረፈ። ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል እቆጥር ነበር፤ አንድ ጊዜ በጣም ረጅም የመሰለኝ ዝምታ መጣና ሁላችንም አንድ ላይ ወደሱ አዘነበልን።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል አከራዬ ተነሥተው ገቡ። ጥቂት ቆይቶ የደጋኑ ድምፅ ተሰማ። ድም፣ ድም። ቡችላው አንድ ጆሮውን አነሣ። ዓይኑን ከፈተ። ተነሥቶ ተዘረጋ፣ አዛጋ፣ እንደ ሽማግሌ እያቅማማ ወደ ውሃው ሳህን ሄደ። አፍንጫውን ነክሮ ጠጣ። ጠጣ፣ ጠጣ፣ ሳህኑን ባዶ አድርጎ ላሰው፣ ከዚያ ሳህኑን በጠርዙ ነክሶ ወደ እኔ ጎተተልኝ።

ሚሊሺያው ጥይቱን ከጠብመንጃው አውጥቶ ኪሱ ከተተ። “ሰካራም” አለው። ወደ እኅቱ ክፍል ገባ። ደጋኑ ቆመ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ብሰማም አልጽፈውም ነበር።

ማታ ለዚያ ቀን የጻፍኩት አጭር ነው። ምክንያቱ ከታወቀ ፍርሃት ይቀንሳል እንጂ አያልቅም፤ ገና ሦስት ቀን ነበር። አከራዬ ሐሙስ ማኅበራቸውን አወጡ። ከማኅበርተኞቹ የመጣው ግማሹ ነው፤ የመጡትም ዋንጫውን ሲያነሡ አመነቱ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት መጀመሪያ ጠጥተው፣ ቡችላውን እንዲህ ያስተኛ ጠላ እሳቸውንም ያስተኛቸው እንደሁ እንዲያዩላቸው ለመኑ። ሁሉም ሳቀ፤ አከራዬ ግን አልሳቁም። ነገ አርብ ነው፣ አሥረኛው ቀን።

አርብ ጤና ረዳቱ መጣ። ቡችላው ሰኮናውን ይዞ በእግሩ መካከል አለፈ፣ ቦርሳውን ነከሰ፣ ጋቢዬ ውስጥ ተጠቅልሎ ወደቀ። እኔ ሳላሯሩጠው፣ ደጋንም ሳይመታ ነው ያየው። ደብተሬን ገጽ በገጽ አነበበ፤ የአተላውን ገጽ ሁለት ጊዜ።

“ጤነኛ ነው” አለ። “እርስዎም ጤነኛ ነዎት፣ እናቴ። ከፈለጉ ዛሬ ወንዙን መሻገር ይችላሉ።”

አከራዬ የእጃቸውን ጨርቅ ፈቱ። ሁለቱ ቀዳዳዎች ጠቁረው ተጋጥመዋል። ለረጅም ጊዜ አዩአቸው።

“ያንተን አሥር ቀን ጠበቅኩልህ” አሉት። “የዚያኛውን ደግሞ ሠላሳ ቀን ልጠብቅለት። ነፍስ አንድ ናት፤ ሁለት ዘበኛ አይበዛባትም።”

ጤና ረዳቱ ሊከራከር አፉን ከፈተና ተወው። ነገሩ በሌላ መልኩ የገባው ሰው ሚሊሺያው ነበር። ሠላሳ ቀን ማለት ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ አሰላ። ወደ ጀሪካኑ አየ፣ ወደ እኅቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ። ጠብመንጃውን ባንድ ትከሻው፣ ጀሪካኑን በሌላ እጁ ይዞ ወጣ። በሩን ክፍት ትቶት ነበር። ቡችላው ደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ ውጭ አሸተተ፣ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፣ ከዚያ ተከተለው።

እኔና አከራዬ ከግቢው የድንጋይ ካብ አጠገብ ሆነን ቁልቁል እናያለን። ሚሊሺያው ሁለት ጊዜ ዞሮ አባረረው፤ ሦስተኛ አልዞረም። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሰውየው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየረገጠ ተሻገረ። ቡችላው ዘሎ መሐሉ ገባ፣ ውሃውን በየአቅጣጫው ረጨው፣ ማዶ ወጥቶ የሚሊሺያው ሱሪ ላይ ተራገፈ። ምንጩ ላይ ያሉት ሴቶች ሳቅ እስከ እኛ ይሰማል።

አከራዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

“ያዘው እንጂ” አሉ ወደ ወንድማቸው፣ እሱ ሊሰማቸው በማይችልበት ርቀት። “ውሃዬን ያደፈርስብኛል።”